መርህ በየትኛው በር ወጣ?



በግቢያችን የፖለቲካ ወሬ ሲነሳ ሁለት አባባሎች ቶሎ ይሰማሉ። አንደኛው «ፓርቲ ማለት መርህ ነው፤ መርሁን የለወጠ ከሃዲ ነው» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ተወው ባክህ፣ ፖለቲከኛ መቼ መርህ ኖሮት ያውቃል?» ይላል። ሁለቱ ተቃራኒ ቢመስሉም ውጤታቸው አንድ ነው፤ ሰውን ከማሰብ ያሳርፋሉ። የመጀመሪያው ለውጥን ሁሉ ክህደት ያደርገዋል። ሁለተኛው ክህደትን ሁሉ ተራ ነገር ያደርገዋል። የትኛው ለውጥ ተገቢ እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ማጭበርበር እንደሆነ የምንለይበት ሚዛን ግን ሁለቱም አይሰጡንም።

ይህን ሚዛን ለመፈለግ በዚህ ጽሑፍ የብሪታንያን ፓርቲዎች እንመለከታለን። የመረጥኳቸው አርአያ ስለሆኑ አይደለም፤ ያቺ አገር በቅኝ ገዥነት ዘመኗ በሙስሊሙ ዓለምም ሆነ በአፍሪካ ላይ የጣለችው ጠባሳ የሚረሳ አይደለም። ምክንያቴ ሌላ ነው። ፓርቲዎቹ ዕድሜ ጠገብ ናቸው። ምን ብለው ቃል እንደገቡ፣ መቼ እንደለወጡት፣ በስንት ድምፅ እንደለወጡት በጽሑፍ ተመዝግቦ ይገኛል። ስለዚህ ለመመዘን ይመቻሉ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቤን ከመነሻው ልናገር፦ ፓርቲ መርሁን መመርመሩና ማደሱ ነውር አይደለም። ነውሩ አንድን መርህ በአደባባይ ተሸክሞ ምርጫ ገብቶ፣ ሥልጣን ሲይዝ በጓሮ በር ማስወጣቱ ነው።

በራሱ ኪስ የከፈለው መሪ

በ1815 የብሪታንያ ፓርላማ «የእህል ሕግ» በመባል የሚታወቀውን ሕግ አወጣ። ሕጉ ከውጭ በሚገባ እህል ላይ ገደብ እየጣለ የአገር ውስጥ እህል ዋጋ እንዳይወርድ ያደርግ ነበር። ተጠቃሚዎቹ ባለርስቶቹ ነበሩ፤ ዳቦውን በውድ የሚገዛው ደግሞ የከተማው ሠራተኛ ነበር። የወግ አጥባቂው ፓርቲ የጀርባ አጥንት ባለርስቱ ስለነበረ፣ ይህን ሕግ መጠበቅ ከፓርቲው ምሰሶዎች አንዱ ሆኖ ይታይ ነበር።

የፓርቲው መሪ ሮበርት ፒል በ1841 ምርጫ አሸንፈው ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ፣ ደጋፊዎቻቸው የጠበቁት ሕጉን ጠብቀው እንዲያቆዩላቸው ነበር። ፒል ግን የነፃ ንግድ ተሟጋቾችን ክርክር እየሰሙ፣ የኑሮውን ሁኔታ እያዩ፣ ልባቸው ቀስ በቀስ ተለወጠ። በ1845 የአየርላንድ የድንች ሰብል በበሽታ ተመትቶ ረሃብ ሲያንዣብብ፣ የምግብ እህል እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ ይዞ መቀጠል እንደማይቻል ወሰኑ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ልብ በሉ። ካቢኔያቸው ስላልተስማማ በዲሴምበር 1845 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሕጉ ይሻር የሚለው የተቃዋሚው ወገን መንግሥት እንዲመሠርት ዕድል ተሰጠው። የተቃዋሚው መሪ ጆን ራስል ሳይሳካላቸው ሲቀር ፒል ተመለሱ፤ ተመልሰውም በራሳቸው ፓርቲ ፊት ቆመው «ሐሳቤ ተለውጧል» ብለው ተከራከሩ። በ1846 ሕጉ ሲሻር ከፓርቲያቸው የፓርላማ አባላት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ተቃውሟቸው ነበር፤ ያለፈው በተቃዋሚዎች ድምፅ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፒል ከሥልጣን ወረዱ። ፓርቲው ተሰነጠቀ፤ ወግ አጥባቂዎች በፓርላማ የራሳቸውን አብላጫ መቀመጫ እንደገና ለማግኘት እስከ 1874 መጠበቅ ነበረባቸው።

ፒልን መልአክ ማድረግ አልፈልግም። የሕጉ መሻር የአየርላንድን ሕዝብ ከረሃቡ አላዳነም፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አልቋል። የመረጧቸው ሰዎችም «ተካድን» ቢሉ ሙሉ በሙሉ አይፈረድባቸውም፤ በ1841 ያልተባለ ነገር ነው የተደረገባቸው። ሆኖም ለውጡ በጓሮ በር አልወጣም። በቀን ብርሃን፣ በክርክር ነው የወጣው። ዋጋውንም የከፈሉት እሳቸው ናቸው፤ ወንበራቸውን አጥተዋል።

የታሪኩ ምፀት ቀጥሎ ይመጣል። ፒልን በከሃዲነት በመክሰስ ስም ያተረፉት ቤንጃሚን ዲዝሬሊ፣ ራሳቸው የገንዘብ ሚኒስትር በሆኑበት በ1852፣ ፓርቲያቸው የእህል ሕጉን የመመለስ ሐሳብ እርግፍ አድርጎ ሲተው አብረው ተዉ። በ1867 ደግሞ የመራጩን ቁጥር በእጥፍ ያህል ያሳደገውን ሕግ ያስጸደቁት እኚሁ ዲዝሬሊ ነበሩ። ትናንት ለውጥን ክህደት ያለ አፍ ዛሬ ለውጥን ብልህነት ብሎ እንደሚጠራው ከዚህ በላይ ማሳያ አያስፈልግም።

ቃሉ ሳይለወጥ ትርጉሙ ሲሰፋ

ሁለተኛው ዓይነት ለውጥ የሊበራል ፓርቲው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዊልያም ግላድስተን ዘመን፣ የሊበራሎች መርህ ነፃነት ነበር፤ ነፃነት ማለትም በአመዛኙ መንግሥት እጁን መሰብሰብ ማለት ነበር። ዝቅተኛ ግብር፣ ነፃ ንግድ፣ ቁጥብ በጀት።

ወደ ምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ግን ከመካከላቸው አንዳንድ አሳቢዎች ጥያቄ አነሱ፤ የሚበላው ያጣ ሽማግሌ፣ ታሞ ከሥራ የቀረ ሠራተኛ፣ እውን ነፃ ነው? መንግሥት እጁን ስለሰበሰበለት ብቻ ነፃ ሊባል ይችላልን? መልሳቸው «አይደለም» የሚል ነበር። በ1906 ከፍተኛ ድል ያገኘው የሊበራል መንግሥት ይህን ሐሳብ ወደ ሕግ ለወጠው። በ1908 የእርጅና ጡረታ ሕግ ወጣ፤ ከ1909 መጀመሪያ ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ70 በላይ የሆነ ድሆች በሳምንት እስከ 5 ሽልንግ ያገኙ ጀመር። በ1911 የሕመምና የሥራ አጥነት መድን ተከተለ። ወጪውን ለመሸፈን ሎይድ ጆርጅ በ1909 ያቀረቡት፣ በባለጸጎችና በመሬት ላይ ግብር የሚጥል በጀት የመኳንንቱ ምክር ቤት ሲያግደው፣ በ1910 ሁለት ጊዜ አገራዊ ምርጫ ተደረገ። በ1911 የመኳንንቱ ምክር ቤት ሥልጣን በሕግ ተገደበ።

እዚህ ጋ መርሁ ተጥሏል ወይስ ጠልቋል? እኔ ጠልቋል እላለሁ። ግቡ ያው ነው፤ ሰው ነፃ እንዲሆን። የተለወጠው ወደ ግቡ የሚያደርሰው መንገድ ነው። ጉዳዩም ወደ መራጩ ተመልሷል፤ ያውም በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ።

አራተኛው አንቀጽ

ሦስተኛው ምሳሌ የሠራተኛው ፓርቲ፣ የሌበር ነው። ሌበር በ1900 በሠራተኛ ማኅበራትና በሶሻሊስት ቡድኖች ተመሠረተ። በ1918 ባጸደቀው መተዳደሪያ ደንብ አራተኛው አንቀጽ ላይ፣ የማምረቻ ሀብቶች በሕዝብ የጋራ ባለቤትነት ሥር እንዲውሉ እንደሚሠራ አሰፈረ። አንቀጹ በኋላ በአባላት መታወቂያ ካርድ ላይ ይታተም ነበር። ብዙ አባላት በቃላቸው ያውቁት ነበር።

በ1951፣ በ1955 እና በ1959 በተከታታይ ሦስት ምርጫዎች ከተሸነፉ በኋላ፣ የፓርቲው መሪ ሂዩ ጌትስኬል አንቀጹ እንዲሻሻል ሐሳብ አቀረቡ። አባላቱና የሠራተኛ ማኅበራቱ እምቢ አሉ፤ ጌትስኬልም ወደኋላ ተመለሱ። በተግባር ግን ነገሩ አስቂኝ ነበር። ሥልጣን ላይ የወጡ የሌበር መንግሥታት ሁሉንም ኢንዱስትሪ የመውረስ ዕቅድ አልነበራቸውም። በካርዱ ላይ የተጻፈውና በካቢኔው ውስጥ የሚሠራው ለየቅል ሆነው ቆዩ።

በ1994 መሪ የሆኑት ቶኒ ብሌር ይህን ልዩነት ለመዝጋት ወሰኑ። በዚያው ዓመት መጸው በፓርቲው ጉባኤ ላይ ፍላጎታቸውን አሳወቁ። ክርክሩ ለወራት ቀጠለ። በመቶዎች የሚቆጠሩ የምርጫ ክልል ቅርንጫፎች አባሎቻቸውን በድምፅ ጠየቁ፤ ትላልቅ የሠራተኛ ማኅበራት ተቃወሙ። ኤፕሪል 29 ቀን 1995 በለንደን በተጠራ ልዩ ጉባኤ ላይ አዲሱ ጽሑፍ 65 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝቶ ጸደቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፓርቲው 418 መቀመጫ ይዞ ሥልጣን ላይ ወጣ።

ስለ ብሌር ጥሩ ነገር መናገር በብዙዎቻችን ጆሮ እንደማይጥም አውቃለሁ፤ ወደ ኢራቅ ጉዳይም እመለሳለሁ። ነገር ግን ፍትሕ ማለት የማንወደው ሰው ያደረገውንም በትክክል መመዘን ነው። በአራተኛው አንቀጽ ጉዳይ ለውጡን የሚወድም የሚጠላም አባል ምን እየተለወጠ እንደሆነ አውቆ፣ ተከራክሮ፣ ድምፅ ሰጥቶበታል። ሕዝቡም ወደ ምርጫ ሳጥን ሲሄድ የትኛውን ሌበር እንደሚመርጥ ያውቅ ነበር። ለውጡ ስህተት ነው ማለት ይቻላል፤ ተታለልን ማለት ግን ያስቸግራል።

ሁለቱ ፓርቲዎች ቦታ ሲቀያየሩ

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አቋም ሲገለበጥ ከሥሩ ያለው መርህ ንቅንቅ ላይል ይችላል። የአውሮፓን ጉዳይ እንይ። ብሪታንያን ጃንዋሪ 1 ቀን 1973 ወደ አውሮፓ ማኅበረሰብ ያስገቡት የወግ አጥባቂው ጠቅላይ ሚኒስትር ኤድዋርድ ሂዝ ናቸው። በ1975 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ማርጋሬት ታቸር «እንቆይ» ብለው ቀሰቀሱ። በአንጻሩ ሌበር በ1983 ማኒፌስቶው ብሪታንያ ከማኅበረሰቡ እንድትወጣ ጠይቆ ነበር። በ2016 ሕዝበ ውሳኔ ጊዜ ግን ሌበር በይፋ «እንቆይ» ባይ ሆነ፤ የወግ አጥባቂው ፓርቲ ለሁለት ተከፈለ። በ2019 መውጣትን ዋና ዓላማው አድርጎ ምርጫ ያሸነፈውም ይኸው ወግ አጥባቂው ፓርቲ ነው።

ምን ሆነ? ቁልፉ በሴፕቴምበር 1988 ይገኛል። በዚያ ወር የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ዣክ ደሎር ለብሪታንያ የሠራተኛ ማኅበራት ጉባኤ ንግግር አደረጉ፤ አውሮፓ የሠራተኛውን መብት የሚጠብቅ ጥላ እንደሚሆን አስረዱ። በዚያው ወር ታቸር በቤልጂየሟ ብሩዥ ከተማ ተናገሩ፤ እኛ በአገራችን የመንግሥትን ቁጥጥር የቀነስነው ከብራስልስ በኩል መልሶ እንዲጫንብን አይደለም የሚል መልእክት ነበረው። ሌበር የሠራተኛውን ጥቅም ትናንት ከአውሮፓ ውጭ፣ ዛሬ ደግሞ አውሮፓ ውስጥ አየው። ወግ አጥባቂዎቹም ነፃ ገበያን ትናንት በአውሮፓ ውስጥ፣ ዛሬ ደግሞ ከአውሮፓ ውጭ አዩት። ፓርቲዎቹ ቦታ ተቀያየሩ፤ እያንዳንዱ ግን የቀድሞ ሚዛኑን ይዞ ነው የዞረው።

ይህ ማለት ግን ሁሉም በሰላም ዞረ ማለት አይደለም። በሴፕቴምበር 2019 ቦሪስ ጆንሰን የመንግሥትን አቋም ተቃውመው ድምፅ የሰጡ 21 የወግ አጥባቂ የፓርላማ አባላትን ከፓርቲው የፓርላማ ቡድን አባረሩ። ከተባረሩት መካከል ሁለት የቀድሞ የገንዘብ ሚኒስትሮችና የዊንስተን ቸርችል የልጅ ልጅ ነበሩበት። እነዚህ ሰዎች የተባረሩት ፓርቲው ለአሥርተ ዓመታት ሲለው የነበረውን ስላሉ ነው። ፓርቲ ሲዞር አብሮ ያልዞረውን ሰው እንዴት እንደሚይዘው ስለ ለውጡ ብዙ ይናገራል።

መራጩ አስገድዶ የሚያስለውጠውም አለ። ወግ አጥባቂዎች በ1946 የብሔራዊ ጤና አገልግሎቱን ረቂቅ ሕግ በፓርላማ ተቃውመው ነበር፤ በ1951 ሥልጣን ሲይዙ ግን አላፈረሱትም፤ ሕዝቡ ወዶታልና። በ1998 ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ሕግ ሲወጣም ተቃውመዋል፤ በ2015 ግን የራሳቸው የገንዘብ ሚኒስትር ወለሉን ከፍ እንደሚያደርጉ በኩራት አወጁ። እንዲህ ያለውን ለውጥ «ተሸነፉ» ማለት ይቻላል። እኔ ግን «ሰሙ» ብለው እመርጣለሁ።

የእኛ ጉዳይ፦ የትምህርት ክፍያ

አሁን ወደ ጓሮው በር እንምጣ። ተማሪ ለሆንን ለእኛ ይህ ምሳሌ ቅርብ ነው።

በብሪታንያ ለአሥርተ ዓመታት የአገሬው ተማሪ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ከኪሱ አይከፍልም ነበር። በ1998 የሌበር መንግሥት በዓመት እስከ 1,000 ፓውንድ የሚደርስ ክፍያ ጀመረ። በ2001 ማኒፌስቶው ላይ ሌበር ክፍያውን ከዚያ በላይ የሚያሳድግ ተጨማሪ ክፍያ እንደማያስተዋውቅ ቃል ገባ። ምርጫውን አሸነፈ። በጃንዋሪ 2004 ክፍያውን እስከ 3,000 ፓውንድ የሚያደርሰውን ረቂቅ ሕግ ለፓርላማ አቀረበ፤ በ5 ድምፅ ብልጫ ብቻ አለፈ።

ከዚያ የሊበራል ዴሞክራቶች ተራ ደረሰ። በ2010 ምርጫ የፓርቲው እጩዎች ማንኛውንም የክፍያ ጭማሪ ተቃውመው ድምፅ እንደሚሰጡ የሚገልጽ የቃል ኪዳን ወረቀት ላይ ፈረሙ። መሪያቸው ኒክ ክሌግ ከፈራሚዎቹ አንዱ ነበሩ። ተማሪው አመናቸው። ፓርቲው 57 መቀመጫ አግኝቶ ከወግ አጥባቂዎች ጋር ጥምር መንግሥት መሠረተ። ዲሴምበር 9 ቀን 2010 የክፍያው ጣሪያ ወደ 9,000 ፓውንድ ከፍ እንዲል ፓርላማው ድምፅ ሲሰጥ፣ 28 የሊበራል ዴሞክራት አባላት ደገፉት፤ 21 ተቃወሙ።

መከላከያቸው ምን ነበር? «ብቻችንን አላሸነፍንም፤ ጥምር መንግሥት ማለት መቻቻል ነው» የሚል ነው። ይህ መከላከያ ክብደት የለውም አልልም። ከ650 መቀመጫ 57ቱን ብቻ የያዘ ፓርቲ የፈለገውን ሁሉ ማስፈጸም አይችልም። ነገር ግን ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ፣ የጥምረቱ ስምምነት ራሱ የሊበራል ዴሞክራት አባላት በዚህ ጉዳይ ድምፀ ተአቅቦ እንዲያደርጉ በር ከፍቶላቸው ነበር። ሁለተኛ፣ ቃሉ የፓርቲ ቃል ብቻ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ሰው በስሙ፣ በፊርማው የገባው ነበር። «መንግሥት ስንሆን ክፍያ እናስቀራለን» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «እኔ በግሌ ተቃውሜ ድምፅ እሰጣለሁ» ማለት ሌላ ነው። የመጀመሪያው በአቅም ማነስ ሊሰናከል ይችላል። ሁለተኛውን ለመፈጸም ግን የሚያስፈልገው እጅን ማንሳት ብቻ ነበር። በእኛ ቋንቋ ይህ አማና ነው።

ክሌግ በ2012 ይቅርታ ጠየቁ። በ2015 ምርጫ ፓርቲያቸው ከ57 መቀመጫ ወደ 8 ወረደ። የክፍያው ጉዳይ ብቸኛው ምክንያት አይደለም፤ እምነት አንዴ ሲሰበር ግን ሌላው ጥፋት ሁሉ ገዝፎ ይታያል።

ታሪኩ እዚያ አላበቃም። ኪየር ስታርመር በ2020 የሌበር መሪ ለመሆን ሲወዳደሩ የትምህርት ክፍያን ማስቀረት ከገቧቸው አሥር ቃሎች ውስጥ ይገኝ ነበር። በ2023 የኢኮኖሚው ሁኔታ ተለውጧል በማለት ከዚያ ቃል አፈገፈጉ። በ2024 ሥልጣን ከያዙ በኋላ መንግሥታቸው የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያ ከ9,250 ወደ 9,535 ፓውንድ ከፍ እንደሚል አስታወቀ። እዚህ ላይ በትክክል መናገር አለብን። ስታርመር ለአገሪቱ መራጭ ከምርጫው በፊት ቃሉን እንደተዉት ተናግረዋል፤ ስለዚህ መራጩን አላታለሉም። በ2020 በዚያ ቃል አምነው መሪ ያደረጓቸው የፓርቲው አባላት ግን እንደ 1995ቱ ጉባኤ ተጠርተው አልተጠየቁም። የፊት በሩ ለመራጩ ተከፍቶ፣ ለአባላቱ ግን ተዘግቶ ነበር።

ድምፅ የአባት ውርስ አይደለም

የሙስሊሙን ማኅበረሰብ በቀጥታ የነካው ጉዳይ የውጭ ፖሊሲ ነው። በ1997 የሌበር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሮቢን ኩክ የአገሪቱ የውጭ ፖሊሲ የሥነ ምግባር ገጽታ ሊኖረው እንደሚገባ አወጁ። በ2003 ያው መንግሥት ወደ ኢራቅ ጦርነት ገባ። ኩክ በወቅቱ የፓርላማው የመንግሥት ተጠሪ ነበሩ፤ ማርች 17 ቀን ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በማግስቱ 139 የሌበር የፓርላማ አባላት ከመንግሥታቸው በተቃራኒ ድምፅ ሰጡ። ልብ በሉ፣ ያወጁትን መርህ አክብረው የወጡት ሰው በግላቸው ዋጋ ከፈሉ፤ መርሁን ያፈረሱት ሥልጣን ላይ ቆዩ።

በኖቬምበር 2023 ደግሞ በጋዛ ተኩስ እንዲቆም የሚጠይቅ ሐሳብ ፓርላማ ሲቀርብ፣ 56 የሌበር አባላት የመሪያቸውን መመሪያ ጥሰው ደገፉት። ብዙ የብሪታንያ ሙስሊሞች ለትውልዶች ሌበርን ሲመርጡ የኖሩት ፓርቲው ለተገፋው ይቆማል ብለው ነው። በጁላይ 2024 ምርጫ ሌበር በአገር ደረጃ በሰፊው ሲያሸንፍ፣ በሌስተር ደቡብ፣ በብላክበርን፣ በበርሚንግሃም ፔሪ ባር፣ በዱስቤሪና ባትሊ የጋዛን ጉዳይ አንግበው የተወዳደሩ አራት ነፃ እጩዎች የሌበርን እጩዎች አሸነፉ። ሌበር የራሱ ናቸው ብሎ ያሰባቸው ወንበሮች ነበሩ።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት «ሌበርን አትምረጡ» የሚል አይደለም፤ ያ የእነሱ ጉዳይ ነው። የምወስደው ሌላ ነው። ፓርቲ መርሁን በጸጥታ መተው የሚችለው መራጩ በልማድ ሲመርጥ ነው። «አባቴ ይመርጠው ስለነበር እመርጠዋለሁ» የሚል ሰው ፓርቲው ቢለወጥም አይጠይቅም። ፓርቲውም ይህን ያውቃል። እነዚያ መራጮች ድምፅ የአባት ውርስ እንዳልሆነ፣ በየምርጫው እንደ አዲስ የሚሰጥ አደራ እንደሆነ አስታወሱት።

ሦስት ጥያቄዎች

እንግዲህ አንድ ፓርቲ መርሁን ሲለውጥ ስናይ ቶሎ «ከሃዲ» ወይም ቶሎ «ሁሉም ያው ነው» ከማለታችን በፊት ሦስት ጥያቄዎችን እንጠይቅ።

አንደኛ፣ የተለወጠው ግቡ ነው ወይስ መንገዱ? የ1908ቱ ሊበራሎች መንገዳቸውን ለወጡ፤ የሰው ነፃነት የሚለውን ግብ ግን አልጣሉም። ግቡ ራሱ ከተለወጠ ፓርቲው ስሙን ብቻ ይዞ ሌላ ሆኗል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ለውጡ የተነገረው መቼና ለማን ነው? ከምርጫ በፊት ለአባላትና ለመራጩ ከሆነ እንደ 1995ቱ ይመዘናል። ከምርጫ በኋላ ከሆነ እንደ 2004ቱና እንደ 2010ሩ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በማሳመንና በማታለል መካከል ያለው ርቀት ነው።

ሦስተኛ፣ ዋጋውን ማን ከፈለ? ፒል ወንበራቸውን ከፈሉ፤ ኩክ ወንበራቸውን ከፈሉ። በትምህርት ክፍያው ጉዳይ ግን መጀመሪያ የከፈለው ድምፅ ስጡኝ የተባለው ተማሪ ነው፤ ፖለቲከኞቹ ዘግይተው ነው የከፈሉት። ሐሳቤ ተለውጧል የሚል መሪ ለለውጡ ራሱ የሚያጣው ነገር ካለ ቃሉን ማመን ይቀላል። ለውጡ ለእሱ ሥልጣን፣ ለሌላው ዕዳ ከሆነ ግን ጠጋ ብለን እንመርምር።

እነዚህ ጥያቄዎች ለፓርቲ ብቻ የሚጠቅሙ አይመስሉኝም። ነገ ተመርቀን መሥሪያ ቤት እንገባለን፣ ማኅበር እንመራለን፣ አንዳንዶቻችንም ወደ ፖለቲካ እንገባ ይሆናል። ያኔ ሁኔታዎች መለወጣቸው አይቀርም፤ እኛም አንዳንድ ነገር መለወጥ ሊኖርብን ነው። የማይለወጥ ሰው ግትር ነው፤ ሁሉን የሚለውጥ ሰው ደግሞ ባዶ ነው። በመካከላቸው የቆመው ምን እንደለወጠ፣ ለምን እንደለወጠ፣ ቃል ለገባላቸው ሰዎች ፊት ለፊት ቆሞ የሚናገር ሰው ነው።

«ፖለቲከኛ መቼ መርህ ኖሮት ያውቃል?» የምንለው ጓደኞቼ ሆይ፣ ይህ አባባል ብልጥ ይመስላል፤ ነገር ግን ለሚያጭበረብረው ሰው ትልቁ ስጦታ ነው። ማንም ምንም የማይጠብቅበት ሰው ማንንም መፍራት አያስፈልገውም። የሚፈራው የገባውን ቃል ጽፎ የያዘ፣ ቀኑን የሚያስታውስ፣ በሩን ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ነው። ያን ሰው እንሁን።

አላህ ቃላችንን የምንጠብቅ፣ ስንለውጥም በእውነት የምንለውጥ ያድርገን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።